ወረቀት ላይ አልገባ ያለው ዛፍ

አንድ የዕፅዋት ተመራማሪ ጫካ ገብቶ የማያውቀውን አበባ ሲያገኝ ሥራው የታወቀ ነው። ቅርንጫፉን ከነአበባው ይቆርጣል። በጋዜጣ መሃል ከትቶ ይጫነዋል። ሲደርቅ ወፍራም ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ከሥሩም የት፣ መቼ፣ ምን ዓይነት ቦታ ላይ እንዳገኘው ይጽፋል። እንዲህ ያሉ ወረቀቶች የሚቀመጡበት ቤት ሄርባሪየም ይባላል። እኛም አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለን። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ያንን ወረቀት አውጥቶ ተክሉን እንደገና ሊያየው ይችላል።

ወረቀቱ ግን ትንሽ ነው። ቁመቱ 42፣ ስፋቱ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ለጤና አዳም ይበቃል። ለዳማከሴም ይበቃል። ለዘንባባስ?

መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ ራፊያ የሚባል የዘንባባ ወገን አለ። ከዝርያዎቹ የአንዱ ቅጠል እስከ 25 ሜትር ይረዝማል። ዛፉን አይደለም የምላችሁ፣ አንዷን ቅጠል ነው። ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ ብትደገፍ ጫፏ ጣሪያው ጋ ይደርሳል። በህንድና በስሪላንካ የሚበቅለው ታሊፖት ደግሞ ከ30 እስከ 80 ዓመት ሳያብብ ይኖራል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። አናቱ ላይ የሚወጣው የአበባ ዘለላ 6 ሜትር፣ 8 ሜትር ይሆናል። ፍሬውን ጥሎም ይሞታል። ይህን በየትኛው ጋዜጣ መሃል ትጫኑታላችሁ?

ሌላም ችግር አለ። አበባው ያለው አናቱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ግንዶች ጣት የሚያክል እሾህ አላቸው። ወፍራሙ የአበባ ዘለላ እርጥብ ጫካ ውስጥ ከመድረቁ በፊት ይሻግታል። ስለዚህ ብዙ ተክል ሰብሳቢ ዘንባባ ሲያይ ዝም ብሎ ያልፍ ነበር። ያላለፉት ሰዎች እርሳስና ቀለም አወጡ።

ስለነዚያ ሰዎችና ስለ ስዕሎቻቸው ልነግራችሁ ነው። ዛሬ ስዕሎቹ ተባዝተው በካፌና በሆቴል ግድግዳ ላይ ተሰቅለው እናያቸዋለን፤ ያምራሉ። የተሳሉት ግን ለማማር አልነበረም። በሌሎች ተክሎች ላይ ስዕል የደረቀው ናሙና አጋዥ ነው። በዘንባባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ዋናው ምስክር ራሱ ስዕሉ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ላጥራ። እኛ ዘንባባ የምንለው በተለይ ለሆሳዕና የምንይዘውን ዛፍ ነው። እዚህ ግን ስሙን ለመላው ቤተሰብ እጠቀምበታለሁ። ቤተሰቡ ከ2,500 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት። ተምር፣ ኮኮናት፣ የፓልም ዘይት ዛፍ፣ የቆላው ዱም፣ የራታን ወንበር የሚሠራበት ሐረግ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሙዝና እንሰት ግን መልካቸው ቢመስልም ዝምድና የላቸውም። ሁለተኛ፣ ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከኮኮናት እንጀምር።

በ1670ዎቹ ሄንድሪክ ቫን ሬዴ የሚባል ሰው በማላባር፣ በዛሬዋ የህንድ ኬረላ፣ የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ገዥ ነበር። በግዛቱ ያሉትን ተክሎች በተለይም መድኃኒትነት ያላቸውን በስዕልና በጽሑፍ ማስመዝገብ ጀመረ። የአገሬው ሰዎች ከነአበባውና ከነፍሬው እያመጡ ያቀርባሉ። ሰዓሊዎቹ ትኩሱን እያዩ ይነድፋሉ። ስለ ተክሉ ጥቅም የሚናገሩት የአገሩ ሐኪሞች ናቸው። ከእነሱ ዋናው ኢቲ አቹዳን ይባላል፤ ከቤተሰቡ የወረሰው የመድኃኒት ዕውቀት ያለው የማላያላም ተናጋሪ ነበር። ሦስት የኮንካኒ ቋንቋ ተናጋሪ ሊቃውንትም አብረውት ሠርተዋል። መጽሐፉ ከ1678 እስከ 1693 በ12 ቅጽ አምስተርዳም ላይ ታተመ። ወደ 740 የሚሆኑ ተክሎች አሉበት። የአቹዳን የምስክርነት ቃልም በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ፊደል እንደተጻፈ በመጀመሪያው ቅጽ ታትሟል። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የስንቱ አገር አዋቂ ዕውቀቱ ተወስዶ ስሙ ቀርቷል።

የመጽሐፉ የመጀመሪያው ተክል ኮኮናት ነው። በአገሩ ስም «ቴንጋ» ተብሎ ተጽፏል። በመዳብ ሳህን ላይ ተቀርጾ የታተመው ስዕል ዛፉን ሙሉውን ያሳያል። ቀጥሎ አበባው፣ ፍሬው፣ የፍሬው ውስጥ ለየብቻ ይመጣሉ።

ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1753፣ ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ለዓለም ተክሎች ሁሉ ዛሬ የምንጠቀምበትን ባለ ሁለት ቃል የላቲን ስም አወጣ። ዘንባባዎችን በጣም ከማክበሩ የተነሣ የዕፅዋት መሳፍንት ብሏቸዋል። ነገር ግን ሰውየው ስዊድን ነው ያለው። ብዙዎቹን ቆመው አላያቸውም። ያያቸው በመጻሕፍት ስዕል ነው፤ ከመጻሕፍቱም አንዱ የሬዴ ነበር።

አንድ ሳይንሳዊ ስም ብቻውን አይቆምም። ከአንድ ተጨባጭ ነገር ጋር ይታሰራል። ነገ ሁለት ሰዎች «ይሄ ነው ኮኮናት»፣ «የለም፣ ያኛው ነው» ብለው ቢከራከሩ የሚሄዱት ወደዚያ ነገር ነው። ድሮ ገበያ ላይ ቁና ሲያከራክር ትክክለኛው ቁና ይምጣ እንደሚባለው ማለት ነው። ያንን መለያ ናሙና እንበለው። ብዙ ጊዜ የደረቀ ተክል ነው። ሊኔየስ ግን ለኮኮናት የደረቀ ናሙና አልነበረውም። ስለዚህ በኋላ ዘመን የመጡ ሊቃውንት የመረጡት የሬዴን የቴንጋ ስዕል ነው። በዓለም ላይ ያለ ኮኮናት ሁሉ ስሙ የታሰረው ኬረላ ውስጥ በተነደፈ ስዕል ላይ ነው ማለት ነው። ያ ባለ 8 ሜትር አበባው ታሊፖትም እንዲሁ፤ መለያው የሬዴ መጽሐፍ ስዕል ነው።

ይህን መጀመሪያ ስሰማ ማመን አቃተኝ። ለናሙና ምትክ የሆነ ስዕል! ዛፉን ለሳለው እጅ የተሰጠው አደራ ምን ያህል እንደሆነ አስቡት።

አደራውን በመወጣት ጌዮርግ ራምፊየስን የሚያህል አላውቅም። ጀርመን ተወልዶ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር፣ አምቦን ደሴት ላይ ለዚያው የደች ኩባንያ ይሠራ ነበር። የደሴቲቱን ተክሎች በሙሉ ለመመዝገብ ተነሣ። በ1670 ዓይኑ ጠፋ። በ1674 የመሬት መንቀጥቀጥ ሚስቱንና ሴት ልጁን ገደለበት። ሌሎች እየጻፉለት፣ ሌሎች እየሳሉለት ቀጠለ። በ1687 እሳት ተነሥቶ ስዕሎቹን በላ። እንደገና አሳላቸው። የሥራው ዋና ክፍል አልቆ ወደ አውሮፓ ሲላክ መርከቡን ፈረንሳዮች አሰመጡት። ደግነቱ ገዥው ከመላኩ በፊት ቅጂ አስቀርቶ ነበር። ራምፊየስ በ1702 ሞተ። መጽሐፉ የታተመው ከ1741 ጀምሮ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፉም ስለ ኮኮናት ነው።

ስዕል ምስክር ነው ስል ምስክር አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። ራምፊየስ ራሱ «የባሕር ኮኮናት» ስለተባለ ፍሬ ጽፏል። ሁለት ጉንጭ ያለው፣ ግዙፍ፣ ማዕበል ወደ ዳርቻ የሚተፋው ፍሬ ነው። ዛፉን ማንም አያውቅም። መርዝ ያከሽፋል ተብሎ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር። ራምፊየስም ፍሬው ከየብስ ወድቆ ባሕር የገባ ሳይሆን እዚያው ባሕር ውስጥ የሚበቅል መስሎት ነበር። በ1768 ሲሼልስ ውስጥ፣ ፕራስሊን የምትባል ደሴት ላይ፣ ዛፉ ቆሞ ተገኘ። ደረቅ መሬት ላይ የቆመ፣ ደንበኛ ዘንባባ ነው። ዘሩ እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዕፅዋት ዘር ሁሉ ትልቁ ነው። የስህተቱ ሥር ግልጽ ነው። ፍሬ ብቻውን፣ ያለ ዛፍ፣ ያለ ቦታ ሲታይ አሳሳተ። ሙሉ ዛፉን ከነአካባቢው መሳል ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1883 ማሪያን ኖርዝ የምትባል እንግሊዛዊት ሰዓሊ ያን ዛፍ ልትስል ሲሼልስ ድረስ ሄዳለች። ሥራዎቿ ለንደን፣ ኪው በሚባለው የዕፅዋት ማዕከል፣ በስሟ በተሠራው አዳራሽ ዛሬም ተሰቅለዋል።

ወደ ወጥ ቤታችን የሚገባ አንድ ታሪክ ልጨምር። የፓልም ዘይት ዛፍ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1763 ነው። ስሙን ያወጣው ኒኮላውስ ፎን ዣክዊን የቪየና ሊቅ ነበር። የቪየናው ንጉሠ ነገሥት ወደ ካሪቢያን ልኮት በስዕል የተሞላ መጽሐፍ ይዞ ወጣ። ዛፉ የምዕራብ አፍሪካ ነው። ዣክዊን ያየው ግን ማርቲኒክ ደሴት ላይ ነው። እዚያ ያደረሰው የባሪያ ንግድ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «የጊኒ» የሚል ቃል አለ። የመጣበትን ያስታውሳል። የእኛን የሆሳዕና ዘንባባ ሳይንሳዊ ስም ያወጣውም ይኸው ሰው ነው፤ በ1801።

አሁን ወደ ዋናው ሰው። ካርል ፍሪድሪኽ ፊሊፕ ፎን ማርቲየስ።

ነገሩ የጀመረው በሠርግ ነው። በ1817 የኦስትሪያዋ ልዕልት ሊዮፖልዲና ለፖርቱጋል አልጋ ወራሽ ተድራ ወደ ብራዚል ሄደች። አልጋ ወራሹ በኋላ የብራዚል ንጉሠ ነገሥት ሆኗል። ከሙሽራዋ ጋር የሳይንስ ቡድን አብሮ ተላከ። የባቫሪያ ንጉሥም ሁለት ሰዎች ጨመረ። አንዱ የእንስሳት ተመራማሪው ዮሃን ባፕቲስት ፎን ስፒክስ ነው። ሌላው የ23 ዓመቱ ማርቲየስ ነው። ሁለቱ ከሪዮ ዴ ዣኔሮ ተነሥተው፣ ደረቁን ሰሜን ምሥራቅ አቋርጠው፣ አማዞን ደረሱ። ማርቲየስ በጃፑራ ወንዝ ሽቅብ ዛሬ ኮሎምቢያ እስከሆነው ምድር ዘለቀ። ወደ ባቫሪያ ዋና ከተማ ሙኒክ የተመለሱት በ1820 መጨረሻ ነው።

ከ1823 ጀምሮ ለ30 ዓመት ገደማ አንድ መጽሐፍ በክፍል በክፍል አወጣ። «የዘንባባዎች የተፈጥሮ ታሪክ» ይባላል፤ በላቲን የተጻፈ፣ ሦስት ግዙፍ ቅጽ፣ 240 ያህል ሙሉ ገጽ ስዕሎች ያሉት። በዚያን ጊዜ የታወቁትን የዓለም ዘንባባዎች በሙሉ ለማካተት የሞከረ ሥራ ነው። ጓደኛው ስፒክስ ይህን አላየም ማለት ይቻላል፤ በ1826 ሞተ።

ስዕሎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ዛፉን ከነአገሩ ያሳያሉ። ወንዙ፣ ረግረጉ፣ ከኋላ ያለው ጫካ፣ ሰማዩ ሁሉ አለ። ብዙዎቹ ከማርቲየስ የራሱ ንድፍ የተወሰዱ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ባዶ ነጭ ወረቀት ላይ ናቸው። የተሰነጠቀ ፍሬ፣ በብዙ እጥፍ የጎላ አበባ፣ ተፈልቅቆ የወጣ ዘር፣ ቁራጭ ቅጠል ያሳያሉ። የመጀመሪያው «ዛፉ የት ይኖራል፣ ምን ይመስላል?» ለሚለው መልስ ነው። ሁለተኛው «ከዘመዱ በምን ይለያል?» ለሚለው። ሰው አንደኛውን ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። ሳይንቲስቱ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ነው። እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ነው ነገሩ የሚገባችሁ ባይ ነኝ።

ሙኒክ መሆኑም ረድቶታል። ሊቶግራፊ የሚባለው የድንጋይ ህትመት የተፈለሰፈው እዚያው፣ በ1790ዎቹ መጨረሻ፣ በአሎይስ ዘኔፌልደር ነው። አሠራሩ ውሃና ዘይት አይዋደዱም በሚለው ላይ የቆመ ነው። ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሳላል። ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል። ከዚያ ዘይት ያለው የህትመት ቀለም ይቀባል። ቀለሙ የሚይዘው ቅባት ባለበት ብቻ ነው፤ እርጥቡ ቦታ ይገፋዋል። ወረቀት ተጭኖ ይወጣል። በመዳብ ህትመት ጊዜ ስዕሉን የሚቀርጸው ሌላ ባለሙያ፣ በስለት፣ በሰረዝ በሰረዝ ነው። በድንጋይ ላይ ግን የእርሳሱ ለስላሳ ጥላ እንዳለ ይተላለፋል። የዘንባባ ግንድ ላይ ያለው የወደቀ ቅጠል ጠባሳ፣ የተጎሳቆለው ቃጫ፣ ከቅጠሉ ሥር ያለው ጨለማ ሁሉ ጥላ ነው። ድንጋዩ ለዚህ ዛፍ የተፈጠረ ይመስላል። ቀለሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከህትመት በኋላ በብሩሽ በእጅ ይገባ ነበር።

ማርቲየስ ብቻውን አልሠራም። ሁጎ ፎን ሞል የሚባል የዕፅዋት ሊቅ የዘንባባን ግንድ ውስጥ አጥንቶ ጻፈለት። የዘንባባ ግንድ ቢቆረጥ እንደ ጽድ ቀለበት የለውም። ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ጅማቶች በግንዱ ውስጥ ተበትነው ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ዘንባባ እንደ ሌላው ዛፍ በየዓመቱ አዲስ ንብርብር እየጨመረ አይወፍርም። መጀመሪያ ወገቡን ያበጃል፤ ከዚያ ወደ ላይ ይሄዳል። ይህም በዚያው መጽሐፍ በስዕል አለ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ስፒክስና ማርቲየስ ከአማዞን የጫኑት ተክልና እንስሳ ብቻ አልነበረም። የአገሬውን ልጆችም ወሰዱ። ሙኒክ የደረሱት ሁለት ናቸው፤ ከሚራንያ ሕዝብ አንዲት ልጅ፣ ከጁሪ ሕዝብ አንድ ልጅ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም ሞቱ። የተቀበሩትም እዚያው ነው። የመጽሐፉን ውበት ሳደንቅ እነዚህን ልጆች አብሬ አስባለሁ። የአንድ ጉዞ ፍሬዎች ናቸውና አንዱን ይዤ ሌላውን መተው ትክክል አይመስለኝም።

ማርቲየስ የእኛንም ዛፍ ነክቷል። አፋርና ሌላው ቆላ ላይ የሚበቅለውን ዱም ታውቁታላችሁ። ከቅጠሉ ምንጣፍ ይሠራል። ግንዱ ከሌላው ዘንባባ በተለየ ባላ እያወጣ ይከፈላል፤ ባላውም እንደገና ባላ ያወጣል። ሊኔየስ በ1753 ይህን ዛፍ ከታሊፖት ጋር አንድ ወገን ውስጥ ከቶት ነበር። የናፖሊዮን ዘመቻ ግብፅ ሲገባ አብሮ የሄደው የዕፅዋት ሊቅ ደሊል ዛፉን ቆሞ አየው፣ አሳለው፣ የተለየ ወገን ነው ብሎ ሌላ ስም ሰጠው። በ1838 ማርቲየስ ዛሬ የምንጠቀምበትን ሃይፌኔ ቴባይካ የሚለውን ስም አጸና። የዕፅዋት መዝገብ ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ማርት.» የሚል አጭር ቃል ታያላችሁ። እሱ ማለት ነው። አንድ ዛፍ ትክክለኛ ቦታውን እስኪያገኝ 85 ዓመት ፈጀ።

ወደ አማዞን ልመልሳችሁ። በ1848 አልፍሬድ ራሰል ዋላስ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት እዚያ ደረሰ። በኋላ ከዳርዊን ጋር የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ያቀረበው ሰው ነው። ገንዘብ ስላልነበረው የሚኖረው ነፍሳትና ወፎች ሰብስቦ በመሸጥ ነበር። በሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳርቻ ሲዘዋወር ዘንባባዎችን በእርሳስ ይነድፍ ነበር። በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ «ሄለን» የተባለችው መርከብ ባሕር መሃል በእሳት ተያያዘች። የአራት ዓመት ልፋቱ ከሞላ ጎደል ዓይኑ እያየ ጋየ። እጁ ላይ የቀረችው አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ናት። ውስጧ የዓሣና የዘንባባ ንድፎች፣ ጥቂት ማስታወሻዎችም ነበሩ። አሥር ቀን በጀልባ ከተንሳፈፈ በኋላ ሌላ መርከብ አነሣው።

በ1853 ከዚያች ሳጥን ስለ አማዞን ዘንባባዎችና ጥቅማቸው የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ ወጣ። በራሱ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመ። 48ቱን ስዕሎች ዋልተር ሁድ ፊች የተባለ የታወቀ ሰዓሊ ድንጋይ ላይ አሳመራቸው። ውስጡ ፒያሳባ የሚባል ዘንባባ አለ። ቃጫው ለገመድና ለመጥረጊያ ከብራዚል ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ነጋዴው ቃጫውን ያውቀዋል፤ ዛፉን ግን ተመራማሪዎች አያውቁትም ነበር። ዋላስ የሰጠው ስም ዛሬም ይሠራል፤ ሊዮፖልዲኒያ ፒያሳባ። ወገኑን ሊዮፖልዲኒያ ያለው ቀድሞ ማርቲየስ ነው፤ በዚያች ሙሽራ ስም።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። የዋላስ ወዳጅ ሪቻርድ ስፕሩስ አማዞን ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። መጽሐፉን ሲያየው የዕፅዋት ሊቅ ከምንም በላይ ማወቅ የሚፈልገው ነገር ጎድሏል አለ። ልክ ነው። የዛፉ ቁመና አለ፤ የአበባው ውስጥ የለም። ከማርቲየስ ሁለት ዓይነት ስዕሎች አንደኛው ብቻ ነው የተረፈው ማለት ይቻላል። የሆነው ሆኖ ሳጥኗ ባትተርፍ ያም አይኖርም ነበር።

ብራዚላዊው ዦአዎ ባርቦዛ ሮድሪጌዝ ደግሞ በ1903 የአገሩን ዘንባባዎች በ174 የቀለም ስዕሎች በሁለት ትላልቅ ቅጽ አወጣ። ንድፎቹን ራሱ ነው የሳለው። የሰበሰባቸው የደረቁ ናሙናዎች ማናውስ ከተማ ውስጥ ጠፉ። ስለዚህ ለብዙ ዝርያዎቹ መለያ ሆኖ የሚያገለግለው ስዕሉ ነው። ከቴንጋ 225 ዓመት በኋላ ያው ታሪክ ተደገመ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ስዕል ስታገኙ እንዴት ታነባላችሁ? መጀመሪያ ከዛፉ ሥር የቆመ ሰው ካለ እዩት። መለኪያ ነው። ቀጥሎ በአንድ ዛፍ ላይ እምቡጥ፣ አበባና የበሰለ ፍሬ አብረው መኖራቸውን ልብ በሉ። ሰዓሊው የወራትን ነገር በአንድ ቀን አድርጎ እየነገራችሁ ነው። በዓይን የታየ አንድ ቅጽበት አይደለም። ቅጠሉ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ከተሳለ ደግሞ ሥሩ፣ መሃሉና ጫፉ ነው። መሃል ያለው ርዝመት ተዘሎ ዋናዎቹ ቦታዎች በትክክለኛ መጠናቸው ተቀምጠዋል። ዛሬ የዘንባባ ናሙና የሚሰበስቡ ሰዎችም እንዲሁ ነው የሚቆርጡት። ካሜራ ካለ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ካሜራ ፊቱ ያለውን ሁሉ ያነሳል፤ ጥላውንም፣ ከኋላ ያለውን ቅጠልም። ሰዓሊው ግን የሚለየውን ነገር ብቻ መርጦ ያወጣዋል። ለዚህ ነው አዲስ ዝርያ ሲታተም ዛሬም የመስመር ስዕል የሚታየው።

ከሁሉም ረቂቁ ምልክት እጥፋቱ ነው። የዘንባባ ትንንሽ ቅጠሎች ከመሃለኛው ዘንግ ጋር በሚገናኙበት ቦታ እጥፍ ይላሉ። እንደ ኮኮናት ባሉት እጥፋቱ ወደ ታች የተደፋ ጣሪያ ነው። እንደ ተምር ባሉት ወደ ላይ የተከፈተ ቦይ ነው። ኮኮናትን ባለ ቦይ አድርጎ የሳለ ሰው ቢያምርም ተሳስቷል። ተመራማሪ የድሮ ስዕል ሲመረምር አጉሊ መነጽሩን የሚያስጠጋው እዚያች ጥፍር የምታክል ቦታ ላይ ነው።

ይህን በእጃችሁ መሞከር ትችላላችሁ። የሆሳዕና ዘንባባችን የተምር ወንድም ነው። ለቀለበትና ለመስቀል የምንሰነጥቀው ብዙ ጊዜ ገና ያልተዘረጋው ለጋ ቅጠል ስለሆነ ነገሩ በደንብ አይታይም። የተዘረጋ፣ የጠነከረ ቅጠል ፈልጉ። ከዘንጉ ሥር አካባቢ ያሉት ትንንሽ ቅጠሎች ወደ እሾህነት ተለውጠዋልና እጃችሁን ጠብቁ። ከዚያ ከፍ ብላችሁ አንዷን ቅጠል ከመጋጠሚያዋ አጠገብ፣ በዛፉ ላይ እንዳለች፣ ከላይ ሁለት ጠብታ ውሃ አፍስሱባት። ውሃው ቦዩ ውስጥ ይቆማል።